የሚተነፍሰው ባልዲ

ሻጩ ስለ ዋስትናው እያስረዳ ሳለ ሴትዮዋ ጭንቅላቷን እስከ አንገቷ ድረስ ማሽኑ ውስጥ ከታ ነበር። ልጇ በእፍረት ወዲያና ወዲህ አየች። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ገበያተኞች የያዙትን ዕቃ ትተው ትርዒቱን መከታተል ጀምረዋል።

«እማዬ፣ ውጪ እንጂ። ሰው እያየን ነው።»

«ብየዳውን እያየሁ ነው» የሚል ድምፅ ከብረቱ ውስጥ እያስተጋባ መጣ።

ማየት ሥራዋ ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ቢራ ፋብሪካ የጠርሙስ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ መብራት በበራበት መስታወት ፊት ተቀምጣ ታጥበው የሚመጡትን ባዶ ጠርሙሶች ስታይ ኖራለች። ጠርሙሶቹ በሰንሰለት ተሰልፈው ያልፋሉ። የተሰነጠቀ፣ አንገቱ የተሸረፈ ወይም ሥሩ ላይ ቆሻሻ የቀረበት ካለ እጇን ሰደድ ታደርግና ከሰልፉ ነቅላ ጎኗ ካለው ቀይ ሳጥን ትከተዋለች። በዚህ ዓይኗ የተነሳ «ንስሯ» የሚል ስም ወጣላት። ታናናሾቿ እትዬ ንስር ይሏታል፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ዓመት ቦታዋ ላይ ካሜራ ተተከለ። ካሜራ ዓይኑ አይደክምም፣ ሻይ ልጠጣ አይልም፣ ስለ ጎረቤት አያወራም። እሷም የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቷት ጡረታ ወጣች።

በስንብት ገንዘቧ ልጇ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንድትገዛ ትፈልግ ነበር። ሁለት ሳምንት ተከራክረዋል። ንስሯ ሰላሳ አንድ ዓመት የማጠቢያ ማሽን ጩኸት ስትሰማ እንደኖረች፣ አሁን ሌላ ማጠቢያ ቤቷ ድረስ እንዲከተላት እንደማትፈልግ ተናገረች። የምትፈልገው ቢራ የሚጠምቅ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ልጇ መጀመሪያ የሰማችው ነገር ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ምክንያቱም እናቷ ከአንድ ብርጭቆ በላይ ጠጥታ አታውቅም።

ሻጩ መነጽሩን በየደቂቃው የሚጠርግ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ንስሯ ራሷን ከማሽኑ ስታወጣ ወደ ሌላኛው፣ ወደ አዲሱና ወደሚያብረቀርቀው ወሰዳት።

«ይሄኛው ሁሉንም በራሱ ይሠራል። እህሉንና ውሃውን ይጨምራሉ፣ ይዘጉታል፣ ስልክዎ ላይ አንድ ጊዜ ይጫናሉ፣ ከዚያ ሄደው መተኛት ነው።»

«ተኝቼማ ምን አያለሁ?»

«ምንም ማየት አያስፈልግዎትም እኮ። ጥቅሙ እሱ ነው።»

ንስሯ ሰውየውን በሐዘኔታ አየችው። ከዚያ ቅድም ጭንቅላቷን ወደከተተችበት ተመለሰች። እሱ ያለፈው ዓመት ሞዴል ነው፤ ከወገቧ ትንሽ ከፍ የሚል የማይዝግ ብረት ድስት፣ ታችኛው ወለሉ እንደ ምድጃ የሚሞቅ። ውስጡ ሥሩ ወንፊት የሆነ ቅርጫት አለው፤ እህሉ እሱ ውስጥ ይገባል። ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን ከሥር እየሳበች በቱቦ ወደ ላይ ታወጣውና እህሉ ላይ መልሳ ታፈስሰዋለች። ፊት ለፊቱ ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር አለ። ክዳኑ መስታወት ነው።

ሻጩ በሐቀኝነት አስጠነቀቃት። ይህኛው ቀኑን ሙሉ እግር ላይ ያቆማል፤ ቅርጫቱን በእጅ ማንሳት፣ አረፋውን መጠበቅ፣ ማማሰል አለ። ልጇም ደግፋው ስለ እናቷ ወገብ አነሳች፤ የማእድ ቤቱ ሶኬት ይችለው እንደሆነም ጠየቀች። ሻጩ ከምድጃ የበለጠ ኃይል እንደማይወስድ ነገራት። ንስሯ ግን ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። ክዳኑ ሳይከፈት፣ ፈሳሹ ሲወርድ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል ወይ? ይታያል ተባለች። ቦርሳዋን ከፈተች።

ለልጇ ያልነገረቻት ነገር ነበር።

የንስሯ ባል ጠማቂ ነበር፤ እዚያው ፋብሪካ፣ ከግድግዳው ማዶ። የጠርሙስ ክፍል ሠራተኛ ወደ ጠመቃው ክፍል ዝር አይልም፤ ጫማው ላይ ስባሪ ጠርሙስ፣ ልብሱ ላይ የማጠቢያ ሶዳ ይዞ ስለሚገባ ክልክል ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ በር ገብተው በአንድ በር ሲወጡ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይቶ አያውቅም። ማታ ቤት ሲገናኙ እሷ ሶዳ ሶዳ ትሸታለች፤ እሱ ሞቅ ያለ፣ ዳቦና ማር የሚመስል ሽታ ይዞ ይመጣል። ዝምተኛ ሰው ነበር። አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ጫማውን እየፈታ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የሰባተኛው ጋን ዛሬ አተነፋፈሱ ልዩ ነው» ይላል። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች «ይተንፍስ» ትለዋለች።

ፋብሪካው በዓመት አንድ ቀን ለሠራተኛ ቤተሰብ ሁሉንም በር ይከፍታል። ባልየው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት፣ ሦስት ጊዜ፣ «ነይ እይ» ብሏታል። የመጀመሪያው ዓመት የምታጥበው ልብስ ነበራት። በሁለተኛው ራሷን አሟት ነበር። በሦስተኛው ግን ምንም አልነበራትም፤ ተቆጥታ ነው። በዕረፍት ቀኑ እንኳ ጋኖቹን ለማየት ይሄድ ስለነበር ሆድ ብሷት፣ «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ጋኖችህን? ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» አለችው። እሱም «እሺ» ብሎ ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ። ሌላ ጊዜ የሚባለው አልመጣም። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ልቡ ቀጥ አለች።

በዕድሜው ሙሉ ከእሷ የለመነው ነገር ያ ብቻ ነበር። ከሞተ በኋላ ያ «ሌላ ጊዜ» ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ። ጡረታ ስለወጣች የፋብሪካው በር አሁን ለእሷ ዝግ ነው። እሱ ያየ የነበረውን አይታ መሞት ፈለገች፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ማእድ ቤቱ መሀል ቆመ። ንስሯ የድሮ የሥራ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በመረብ ሸፍና፣ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብባ ጨርሳለች። ሃያ አምስት ሊትር ውሃ ሞላች። ቁጥሩ ስልሳ ሰባት ሲደርስ አምስት ኪሎ የተከካ ብቅል ቀስ እያለች አፈሰሰች።

እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ወጣ። ያ ሽታ ነበር። የሸሚዙ ሽታ፣ የትራሱ ሽታ፣ በር ከፍቶ ሲገባ ከእሱ ቀድሞ የሚገባው ሽታ። ንስሯ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቆመች። እንባዋ መጣ፤ ልጇ እንዳታያት በእንፋሎቱ አሳበበች።

መጽሐፉ ባይልም፣ በማንኪያ ጨልፋ ቀመሰችው። ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ነው፤ ምንም የለውም። ፓምፗን አስነሳች። ፈሳሹ በቱቦው እየወጣ እህሉ ላይ እየወረደ፣ ታች ደርሶ ተመልሶ እየወጣ፣ አንድ ሰዓት ዞረ። እሷም ወንበር ስባ በመስታወቱ ክዳን ስታየው አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ድፍርሱ ቀስ በቀስ ጠራ፤ ከዚያም የወርቅ ቀለም ያዘ። እንደገና ቀመሰችው። ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«ልጄ፣ ነይ ቅመሺ። ስኳር ጨምረሽበታል?»

ልጇ ነርስ ናት፤ ሕክምና ቤት ትሠራለች። ቀምሳ ቅንድቧን አነሳች። ስኳር አልጨመረችም። ብቅሉ ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር እንዳለ፣ በዚህ ሙቀት ሲነቃ የእህሉን ዱቄት ቆራርጦ ወደ ስኳር እንደሚለውጠው ትምህርት ቤት የተማረችውን አስታውሳ ነገረቻት።

«ማን አዘዘው?»

«ማንም አላዘዘውም፣ እማዬ። ራሱ ነው።»

ንስሯ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ነገር የግድግዳ ያህል ርቀት ላይ ተቀምጣ፣ ማር የሚሆን እህል እንዳለ አላወቀችም።

ቀኑ ያንን መስሎ ሄደ። እህሉን ከነቅርጫቱ ሲያነሱ የልጅቷ ክንድ ሊገነጠል ደረሰ። ፈሳሹ ሲፈላ አረፋው እንደ ወተት ገንፍሎ እስከ አፉ ወጣ፤ ንስሯ በማማሰያ እየተማታች፣ እፍ እያለች መለሰችው። ምሬትና መዓዛ የሚሰጠውን የሆፕ አበባ ስትጨምር ቤቱ በሙሉ ሣር ሣር፣ ሎሚ ሎሚ አለ። ከዚያ ከማሽኑ ጋር የመጣውን ጥምዝምዝ የመዳብ ቱቦ ድስቱ ውስጥ ከተው ቀዝቃዛ ውሃ አሳለፉበት፤ አቀዘቀዙት። የቀረው ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ማስወጫ ወዳለው ነጭ ባልዲ ገልብጦ እርሾ መጨመር ብቻ ነበር። ማስወጫዋ ጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ ናት፤ ውሃ ይሞላባታል፤ ከውስጥ አየር ሲወጣ ውሃው ይንቦጨቦጫል።

ችግሩ የመጣው ባልዲው ጋ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣች አንዲት የማጽጃ ዱቄት ከረጢት ነበረች። መጽሐፉ በውሃ በጥብጠው ባልዲውን ያለቅልቁበት፣ ከዚያ በኋላ በውሃ አያለቅልቁት ይላል። ንስሯ ዱቄቱን አሸተተችው። አይሸትም። ሰላሳ አንድ ዓመት በፈላ ሶዳ የታጠበ ጠርሙስ ያየች ሴት በማይሸት ነገር አትታለልም።

«ይሄ ምኑን ይገድላል?» አለች። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የበረኪናውን ጠርሙስ አወጣች።

ልጇም የሕክምና ዕቃ ስትቀቅልና ስታጸዳ የምትውል ናትና፣ እሱስ ልክ ነሽ ብላ ትንሽ በረኪና ጨመረችበት። እናትና ልጅ ባልዲውን በበረኪና እስኪያበራ ፈተጉት። ማለቅለቁን ግን ተዉት፤ መጽሐፉ አታለቅልቁ ብሏል፤ ንስሯ ደግሞ የሥራ መመሪያ ጥሳ አታውቅም። ፈሳሹን ገለበጡ፣ እርሾውን በተኑበት፣ ክዳኑን ገጠሙ። ንስሯ ባልዲው ፊት ወንበር አስቀመጠች።

እሑድ ምንም የለም። ሰኞም ምንም የለም። ማስወጫዋ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ኩሬ ረግቷል። ንስሯ ጠዋት ተነስታ ፊቷን ሳትታጠብ እዚያ ትቀመጣለች፤ ልጇ ከሥራ ስትመለስ እዚያው ታገኛታለች። ማክሰኞ ምሳዋን አልበላችም። ረቡዕ ክዳኑን ከፈተችው። እርሾው ሥሩ ላይ እንደ እርጥብ አመድ ተኝቷል። ቅስሟ ተሰበረ።

«ተቀይሞኛል» አለች።

«ማነው የተቀየመሽ?»

«አባትሽ።»

ልጅቷ ምን እንደምትል ጨነቃት። ባልዲ መሆኑን፣ ከሱቅ የተገዛ ባልዲ መሆኑን ልታስታውሳት ፈለገች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ተወችው። ስልክ አንስታ ጋሽ ጢሞን ጠራች።

ጢሞ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጠመቃው ክፍል ውስጥ ጢም አልላጭም ብሎ ሠላሳ ዓመት ጢሙን በመረብ ሸፍኖ የሠራ ወፍራም ሰው። ሐሙስ መጣ። ወንበር ሲሰጡት ሳይቀመጥ ወደ ባልዲው ሄደ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አፍንጫውን አስጠጋና ቀና አለ።

«በምን አጠብሽው?»

«በበረኪና።»

«ከዚያስ አለቀለቅሽው?»

«መጽሐፉ አታለቅልቁ ይላል።»

ጢሞ ልጅቷን አየ፣ እናቷን አየ፣ ከዚያ ጢሙን ጨብጦ ሳቁን ለማፈን ሞከረ፤ አልቻለም። መጽሐፉ የሚለው ስለ ከረጢቷ ዱቄት እንጂ ስለ በረኪና እንዳልሆነ ነገራቸው። ከዚያ ሳቁን ተወና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጠርሙስ መሰለሽ እኮ፣ ንስሯ። አንቺ ጋ ጠርሙሱ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር እንዳይቀር ነው የሚፈለገው። እኛ ጋ ደግሞ እንዲኖር ነው። እርሾው ሕይወት አለው። በጠዋቱ ገደልሽው።»

«ሕይወት አለው?»

«አለው። ይበላል፣ ይራባል፣ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል። ባልሽ አልነገረሽም?»

ነግሯታል። ሽንኩርት እየከተፈች ነግሯታል። ያ ሁሉ ዓመት አባባሉ የባሏ የአነጋገር ለዛ ይመስላት ነበር። እውነቱን ነው ለካ፤ ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው።

ልጇ የመጀመሪያውን ጠመቃ ደጅ ካለው የፍሳሽ ቱቦ ልትደፋ ስትወጣ፣ ንስሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለብዙ ጊዜ የያዘችውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ከሥራ ሰዓት በኋላ እዚያ እየቀረ ምን ነበር የሚሠራው?»

«ምንም አይሠራም። ወረቀትም አይዝ፣ ምንም አይነካ። የጋኑ መስኮት ጋ ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። አንድ ቀን፣ አንተ ሰው፣ ይሄን ነገር አልጠገብከውም ወይ አልኩት። ‹እሷ ብታየው› አለኝ።» ጢሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሷ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁትም።»

ቅዳሜ እንደገና ጠመቀች፤ በዚህ ጊዜ ብቻዋን። ልጇ ተረኛ ነበረች። እህሉን በሁለት ዙር በጆግ እያወጣች አቀለለችና ቅርጫቱን ራሷ አነሳች። ባልዲውን በማይሸተው ዱቄት ስታለቀልቅ እጇ ሁለት ጊዜ ወደ በረኪናው ሄደባት፤ በሦስተኛው ጠርሙሱን በረንዳ አውጥታ በሩን ቆለፈችበት። እርሾውን የጨመረችው ትንፋሿን ውጣ፣ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ነው። ከዚያ የማሽኑን ሶኬት ነቀለች። በዚህኛው ቀን ወንበር አላስቀመጠችም። ፈርታ ነበር፤ ሁለተኛ ከሞተባት ሦስተኛ ለመሞከር ልብ የላትም።

እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ብልቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ቧንቧው የሚያንጠባጥብ መስሏት ማጣጠፏን ቀጠለች። ብልቅ። ቧንቧውን አየችው፤ ደረቅ ነው። የያዘችውን አንሶላ መሬት ጣለችና በጉልበቷ ባልዲው ፊት ተንበረከከች።

ማስወጫዋ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ቆመ፣ አረፋ ተፋና ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ቆጠረች፤ በአራት በአራት ሰከንድ ነው። በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ማሽኑ ሶኬቱ ተነቅሎ ጥጉን ይዞ ቆሟል። ይህን ነገር የሚገፋው ኤሌክትሪክ የለም፣ ፓምፕ የለም፣ ሰው የለም። መዳፏን ባልዲው ጎን ላይ አሳረፈች። ከክፍሉ ይሞቃል፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚሞቀው። የእጅ ባትሪ አምጥታ በነጩ ፕላስቲክ ላይ ስታበራበት ውስጡን እንደ ጥላ አየችው። ቅንጣቶች ከሥር ተነስተው ይወጣሉ፣ አናቱ ላይ ካለው ወፍራም አረፋ ሲደርሱ ዞረው ይወርዳሉ፣ ደግመው ይወጣሉ፤ ሺህ በሺህ እየሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ሳይጋጭ። በሕይወቷ ስንት ሚሊዮን ጠርሙስ አይታለች። አንዱም እንዲህ መልሶ አላያትም ነበር። ንስሯ ፈራችው፣ ወደደችው፣ መልሳ ፈራችው። ትንፋሿ ሳታውቀው ከባልዲው ትንፋሽ ጋር እኩል መሄድ ጀመረ። እንደዚህ ሆኖ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላወቀችም፤ ከዕረፍት ቀኑ ላይ ሰዓት እየቀነሰ ይሄድ የነበረው ባሏ፣ ሲመለስ ስንት ሰዓት እንደቆየ ለምን እንደማያውቅ ግን ገባት።

ስልኳን አነሳች።

«ልጄ፣ ነይ እይ።»

ልጇ በሕክምና ቤቱ ኮሪደር እየተራመደች ነበር፤ የተሽከርካሪ አልጋ ድምፅ ይሰማል። እስከ ማታ ተረኛ መሆኗን፣ ነገም ሰው እንደምትተካ ተናገረች። «ደስ ይላል፣ እማዬ። ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» አለች።

ቃሉ የንስሯ የራሷ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ልጅቷም ክፉ አስባ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ናት፤ ማንም ሰው የሚለውን ነው ያለችው። እሷም ያኔ ማንም የሚለውን ነበር ያለችው። ባሏ «እሺ» ብሎ ወደ ሾርባው ሲመለስ ምን እንደተሰማው አሁን፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ሳለች አወቀችው። የእሷም አፍ «እሺ» ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

«ቆይ፣ ስልኩን አትዝጊው» አለች። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ማስወጫዋ ላይ አስጠጋችው።

ብልቅ። አራት ሰከንድ። ብልቅ። ሰባት ጊዜ ጠበቀች። ስልኩን መልሳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው የተራማጅ ጫማ ድምፅ የለም፤ ልጅቷ ኮሪደሩ መሀል ቆማለች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«አባትሽ ያየው የነበረ ነው።»

ከዚያ ነገረቻት። ስለ ሦስቱ ዓመታት፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ሾርባው። በአጭሩ ነገረቻት፤ ምክንያቱም ታማሚዎች ይጠብቋታል። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማች፣ እሺ አላለችም፣ ሌላ ጊዜም አላለችም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ተራዋን ከጓደኛዋ ጋር ተለዋውጣ ከነነርስ ልብሷ በሩን ከፍታ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ መሬት ተቀመጠች። ንስሯ የልጇን መዳፍ ይዛ ባልዲው ላይ አሳረፈችው። እናትና ልጅ ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ ተቀመጡ፤ ከሁለቱም የሚበልጥ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ሰው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢራውን በጠርሙስ ሞልተው በቆርኪ ዘጉት። ተጨማሪ ሁለት ሳምንት መቆየት ነበረበት፤ ቆየ። በቀጠሮው እሑድ ልጇ ሳትጠራ መጣች። ጋሽ ጢሞም ጢሙን አበጥሮ እንደሚመጣ ደውሏል። ንስሯ ጠርሙሶቹን ከቁም ሳጥኑ ሥር አውጥታ መስኮቱ አጠገብ ደረደረቻቸው። ማንም ሳይነግራት አንድ ቀይ የልብስ ሳፋ አምጥታ በቀኝ ጎኗ አስቀምጣለች፤ ይህን ማድረጓን ራሷም አላስተዋለችም።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከላይ ጥርት ያለ ነው። ሥሩ ላይ ግን ጣት የማይሞላ ነጭ አተላ ረግቷል። ጠርሙሱን ስትነቀንቀው እንደ ጭስ ተነሳ።

«እማዬ፣ ይሄ ቆሽሿል» አለች ልጇ።

የንስሯ እጅ ቀድሞ ሄዷል። ሰላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ሥሩ ላይ ነገር ያለበትን ጠርሙስ አይቶ ፈቃድ አይጠይቅም። ሳፋው ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁለተኛውን በግራ እጇ አነሳችው፤ ሥሩ ላይ አለ። ሦስተኛውም አለው። ሁሉም አላቸው። ስኳሩን በልቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ሥሩ ላይ ጋደም ያለው ራሱ እርሾው ነው። ያን እሑድ ፊት ለፊቷ ሲተነፍስ የነበረው።

«አልቆሸሸም» አለች።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከደህናዎቹ ጋር አቆመችው። ከዚያ ቀዩን ሳፋ አንስታ በረንዳ ወጣች፣ የልብስ መቆንጠጫዎቹን ሰብስባ ሞላችበትና እዚያው ትታው ተመለሰች። ለሦስት ሰውም አራት ብርጭቆ አወጣች።